ሰሚ ያጣችው ካሳንድራ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በኦዲት ሥራ ነው። የኦዲተር ዕጣ ፈንታ ይታወቃል፤ ያየኸውን ትናገራለህ፣ የሚሰማህ የለም፣ ነገሩ ሲፈነዳ ደግሞ «የት ነበርክ?» ትባላለህ። ሥራ ለጀመራችሁት ስለ ካሳንድራ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ካሳንድራ በግሪኮች አፈ ታሪክ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያምና የንግሥት ሄኩባ ልጅ ናት። አፖሎ የተባለው አምላክ ወደዳትና ወደፊት የሚሆነውን የማየት ስጦታ ሰጣት። እሷ ግን ፊት ነሳችው። እሱም ረገማት፤ እውነቱን ትናገራለች፣ ማንም አያምናትም። (ቂመኛ አለቃ የገጠማችሁ ሴቶች ይህ አይጠፋችሁም።) ትሮይን የከበቡት ግሪኮች ወታደር የደበቁበት የእንጨት ፈረስ ወደ ከተማዋ ሲገባ አስጠነቀቀች፤ አልሰሟትም። ትሮይ ተቃጠለች።

ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የግሪኮቹ አዛዥ አጋሜምኖን ማርኮ ወደ አገሩ ወሰዳት። አቴናዊው ኤስኪለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 ለመድረክ ባበቃው «አጋሜምኖን» ተውኔት፣ ካሳንድራ ሰረገላው ላይ ተቀምጣለች። የንጉሡ ሚስት ክሊተምኔስትራ «ውረጂ፣ ግቢ» ትላታለች። ካሳንድራ ጭጭ። ንግሥቲቱ ተናዳ ትታት ስትገባ ነው አፏን የምትከፍተው።

አጠገቧ ያሉት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። መጀመሪያ የዚያን ቤት የቆየ ጉድ ታወጣለች። የአጋሜምኖን አባት የወንድሙን ልጆች አርዶ ለገዛ አባታቸው አብልቷል። ሽማግሌዎቹ ይደነግጣሉ። የባዕድ አገር ልጅ ይህን እንዴት አወቀች? ልክ ነሽ ይሏታል። አጋሜምኖን ሊሞት ነው ስትል ግን አፍሽን ያዢ! ገዳይዋ ሴት (ያቺው ሚስቱ) መሆኗን ነግራቸው እንኳ «ለመሆኑ የትኛው ወንድ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ያለፈውን ማመን አይከብድም፣ ምንም አያስደርግማ። የሚመጣውን ማመን ግን ተነስቶ በር ላይ መቆምን ይጠይቃል።

ካሳንድራ የነቢይነት በትሯን ጥላ፣ እንደምትሞት እያወቀች ገባች። ከውስጥ የንጉሡ ጩኸት ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ? ስብሰባ! አንዱ ሕዝብ ይጠራ ይላል። አንዱ አሁኑኑ እንግባ ይላል። ሌላው ጩኸት ስለሰማን ብቻ ሞቷል ማለት እንችላለን ወይ ብሎ ይሞግታል። 12ቱም ተራ በተራ አስተያየት ሰጥተው ሲጨርሱ ሰውየው አልቆለታል። የጎደላቸው ቃለ ጉባኤ ያዥ ብቻ ነው።

እናንተም ስትናገሩ የማይሰማችሁ ይኖራል። «አቀራረብህን አሳምር» የሚል ምክር አይጠፋም። ይጠቅማል፣ አልክድም። ካሳንድራ ግን በምሳሌ ጀምራ ኋላ ፍርጥ አድርጋ፣ ስም ጠርታ ነግራቸዋለች። ያም አልሠራም። ስለዚህ በተገፋችሁ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ነው አትበሉ።

ይልቅ በጽሑፍ አስቀምጡ። ቀን ይኑረው። ምን መደረግ እንዳለበት በአንድ መስመር ጨምሩበት፤ ቅጂውን ያዙ። እሷም ከመግባቷ በፊት ሽማግሌዎቹን የለመነቻቸው ምስክር እንዲሆኗት ነበር። ነገሩ ከደረሰ በኋላ «ብዬ ነበር» እያሉ መዞር ግን ይቅርባችሁ። ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች በዚህ አመል ሲመርሩና ብቻቸውን ሲቀሩ አይቻለሁ።

ደግሞ ሹመት መምጣቱ አይቀርም፣ ያኔ የሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ናችሁ። ከእናንተ የምታንስ ጀማሪ ሠራተኛ የመጋዘኑ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለኝ ብላ ትመጣለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ወረቀቷም የተዝረከረከ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴ ከማቋቋማችሁ በፊት ቁልፍ ያዡን ጥሩና አብራችኋት መጋዘን ግቡ።