መልስ፦ ማይኩን መቼ ነው የምትቀሚው?

"በግቢያችን የክርክር ክበብ ስለ ፌዴራሊዝም ስንወያይ አንዱ በብሔር ቢሳደብ ማይኩን ልቀማው ወይስ የመናገር መብቱ ነው?" ላልሽው፦ ለሐሳቡ አትቀሚው፣ ለስድቡ ግን ቀሚው። "አንቀጽ 39 (የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን እስከ መገንጠል መብት) ይሰረዝ" ወይም "እንዳይነካ" ማለት ሐሳብ ነው፣ አዳራሹ ቢንጫጫም ይጨርስ። "እናንተ ድሮም እንዲህ ናችሁ" ማለት ከጀመረ ግን ክርክሩን ትቶ ሰው መንካት ይዟል።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይሰጣል፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችልም ይናገራል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በመሳሰለው ሆን ብሎ ጥላቻ መቀስቀስን ይከለክላል፤ የጥናት ወይም የፖለቲካ ትችት አካል የሆነውን ንግግር ግን አይነካም። "አዋጅ አለ" እያለ ርዕሱን ራሱ የሚሰርዝ ኃላፊ ከገጠመሽ (አይጠፋም!) ይቺን አሳዪው።

መድረክ ላይ፦

1. ደንቡን ሳትጀምሩ አንብቢ። መሃል ላይ የመጣ ደንብ አድልዎ ይመስላል።
2. ሲሳደብ መጀመሪያ "ሐሳቡን ስድቡን ትተህ ድገመው" በይው። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ይመለሳል። እምቢ ካለ ተራው አለፈ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ ባየሁት ጠቡ አዳራሽ ውስጥ አይደለም የሚነሳው፣ ማታ ዶርም ነው፤ ተቆራርጦ ቴሌግራም ላይ በተለቀቀ ቪዲዮ። ስለዚህ ወይ ማንም አይቅረጽ፣ ወይ ክበቡ ራሱ ሙሉውን ቀርጾ በዚያው ምሽት ይልቀቀው።