የደም ሥርን ሳይጎዱ መስፋት፦ ጥያቄና መልስ

የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነኝ። በኦፕሬሽን ጊዜ ጉዳትን ስለመቀነስ ለጠየቃችሁኝ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለሁ ሐኪም) ነኝ። አለቃዬ "ደም ሥሩን በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫው) አትቆንጥጪው" እያሉ ይቆጡኛል። ይህን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን፣ ማለትም ኢንዶቴልየም፣ ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው። ደም ሳይረጋ የሚፈሰው እሱ ስላለ ነው። ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም ከጨበጥሽው ይላጣል። የተላጠው ቦታ ላይ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ይለጠፋል፤ ደም ይረጋል። ወዲያው ባይረጋ እንኳ፣ ግድግዳው ቁስሉን ሲጠግን ወደ ውስጥ ይወፍርና ከወራት በኋላ መንገዱ ይጠባል። ስለዚህ የውጭውን ስስ ሽፋን ብቻ ያዢ። ጠርዙን ገለጥ ማድረግ ስትፈልጊ የፎርሴፕሱን ጫፍ ግጠሚና በቀስታ ገፋ አድርጊው።

መርፌውም እንደዚያው ነው። ቆልማማ ስለሆነ አንጓሽን እያዞርሽ ቅርጹን ተከተይ። ቀጥ አድርገሽ ከገፋሽው ቀዳዳው ይቀደዳል። በደም ሥር ስፌት በ1912 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው አሌክሲስ ካሬል የመርፌ አያያዝ የተማረው ሊዮን ውስጥ ከአንዲት ጥልፍ ጠላፊ ነው ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከእግር ወጥቶ ለባይፓስ (ደም የተዘጋውን ቦታ ዞሮ እንዲያልፍ ለሚሠራ መንገድ) የሚውለው ደም መልስስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሲነፋ ነው። ሲነካ ይኮማተራል፤ ሐኪሙ ደግሞ ልለጥጠው ብሎ በሲሪንጅ ይገፋዋል። በእጅ የሚገፋ ሲሪንጅ ከ300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ቀስ ብሎ መሙላት ይበቃል። በዙሪያው ካለው ስብ ጋር አብሮ ማውጣትም መኮማተሩን ይቀንሳል፤ የእግሩ ቁስል ግን ሊከፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ክላምፕ ስናደርግስ (ደም ሥሩን በመቆንጠጫ ለጊዜው ስንዘጋው)?

መልስ፦ መጀመሪያ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት)፤ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ክላምፑ ጥርስ በጥርስ ነው የሚቆለፈው፤ ደሙ እንደቆመ እዚያው ተወው። ደም ቅዳው እንደ ድንጋይ ከደነደነ አትጭመቀው፤ ከውስጥ በባሉን መዝጋት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአባቴ እግር ደም ተቋርጦበት ኦፕሬሽን ተደረገላቸው። ደሙ ተመልሶ ሳለ ባታቸውን በሁለት በኩል ቀደው ክፍቱን ተዉት። ስህተት ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ፣ ያ እግር ለማዳን የሚደረግ ነው። ደም አጥቶ የቆየ ጡንቻ ደሙ ሲመለስለት ያብጣል። የታሸገበት ከረጢት ደግሞ አይለጠጥም፤ እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ነርቭና ደም ሥር ያንቃል። በተለይ ደሙ ከተቋረጠ 6 ሰዓት ካለፈው ብዙዎቻችን እብጠቱን ሳንጠብቅ እንከፍታለን። እብጠቱ ሲጎድል ቁስሉ ተሰፍቶ ይዘጋል፤ ካልገጠመም ከሌላ ቦታ ስስ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል። እስከዚያው የእግር ጣታቸውን ማንቀሳቀስና ሲነኩ መሰማቱን በየቀኑ ጠይቃቸው፤ ለውጥ ካለ ወዲያው ለሐኪሙ ንገር።