ዝናብ ሲመጣ የግቢ መብራት ለሚጠፋባት እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ግቢ ነው ያስታወስኩት። ስምንት የአጥር መብራትና በር ላይ አንድ ፓውዛ አለን፣ ዝናብ ሲጥል ብሬከሩ ይወርድና ቤቱ ሁሉ ይጨልማል ብለሻል። መብራቶቹን ማታ ማብራት እየተረሳ፣ ቀን ደግሞ በርተው እየዋሉ ስለተቸገራችሁ ፎቶሴል (ሲጨልም አብርቶ ሲነጋ የሚያጠፋው) ይሻላል ወይስ ሞሽን ሴንሰር (ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያበራው) ብለሽ ጠይቀሻል። እሱ ቀላሉ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ብሬከሩ።

እኛ ቤት የመጀመሪያውን መስመር የዘረጋልን ባለሙያ ገመዱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ቀበረው። ገመዱ ሲያጥረው መሃል ላይ ቀጥሎ በናስትሮ ጠቀለለውና አፈር መለሰበት። በጋውን ምንም አላለም። ሐምሌ ላይ ብሬከሩ መውረድ ጀመረ። እኔ ደግሞ ብሬከሩ አልቻለም ብዬ ከ10 አምፔር ወደ 20 አስቀየርኩት። አደራሽን፣ ይሄን እንዳታደርጊ። መውረዱ ቆመ፣ ችግሩ ግን እዛው አፈር ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ልጄ የብረቱን በር ስትከፍት ነዘራት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነችም። የዛኑ ቀን መስመሩን አስፈትቼ እንደ አዲስ አሰራሁት።

እስቲ እናስላው። መብራቶችሽ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ከሆኑ ስምንቱ 72 ዋት ናቸው። ፓውዛው 50 ዋት ቢሆን ድምሩ 122 ነው። በ220 ቮልት ከግማሽ አምፔር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ "ጭነት በዝቶበት ነው" የሚልሽን አትስሚ። ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው መቀጠያው ላይ ወይም መብራቱ ውስጥ ነው።

የግቢው መስመር ከቤቱ ይለይ። የራሱ ባለ 6 ወይም ባለ 10 አምፔር ብሬከር ይኑረው፣ ከዛ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ኢኤልሲቢ ይጨመርበት። ተራው ብሬከር ገመዱ ከመጠን በላይ እንዳይግል ነው የሚጠብቀው። ሰው ሲነዝር ላያውቀው ይችላል። ኢኤልሲቢ ግን የሄደውና የተመለሰው ኤሌክትሪክ እኩል ካልሆነ ወዲያው ይቆርጣል። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፣ በየወሩ ጫን አድርጊው።

መሬት ውስጥ የሚገባው ገመድ ለመቀበር የተሰራው ባለ ወፍራም ሽፋን ይሁን፣ በፕላስቲክ ቱቦ ይለፍ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፈርለት። መሬት ውስጥ ግን በፍጹም አይቀጠል። ገመዱ ወደ አንዱ መብራት ይውጣ፣ እዛው ይታሰር፣ ከዛ ተመልሶ ወርዶ ወደሚቀጥለው ይሂድ። ገመድ ይበላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዛ ወዲህ ሦስት ክረምት አንዴም አልወረደብኝም። ገመዱ መብራቱ ጋ ወደሚታሰርበት ሳጥን ሲገባ ከታች በኩል ይግባ፤ ከላይ ከገባ ውሃው ገመዱን ተከትሎ ይወርዳል። መብራቶቹ ላይ አይፒ 65 የሚል መኖሩን እዪ፣ አቧራና የዝናብ ውሃ እንደማያስገባ የሚያሳይ ምልክት ነው። የብረት ምሰሶና የብረት በር ካለ ደግሞ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) የግድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለአጥሩ ፎቶሴል አድርጊ። በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋውን ታይመርም ሞክሬዋለሁ። የሚሽከረከረው ዓይነት ኤሌክትሪክ ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ ሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሳምንቱ የአጥሩ መብራት የሚበራው እኛ ከተኛን በኋላ ሆነ። ፎቶሴል ይሄ ችግር የለበትም። ብቻ የራሱ መብራት እንዳያርፍበት ራቅ ብሎ ይሰቀል፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራና ሲጠፋ ያድራል። ጎን ለጎን አንድ ማብሪያ አስገጥሚ፣ ቀን መብራቶቹን ለመፈተሽ ይጠቅምሻል።

ሞሽን ሴንሰር ለጓሮና ለመኪና ማቆሚያ ጥሩ ነው። ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ይሰቀል። ሰው ፊት ለፊት ሲመጣበት ሳይሆን በፊቱ አቋርጦ ሲያልፍ ነው ቶሎ የሚያየው፣ ስለዚህ አቅጣጫውን በዛ ምረጪ። ውሻ ካላችሁ ግን ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ አያርፍም።

ሠራተኛው ማብሪያዎቹን በኑትራል (ኤሌክትሪኩ በሚመለስበት ሽቦ) ሳይሆን በፌዙ (ኤሌክትሪኩ በሚመጣበት ሽቦ) ላይ ማሰሩን አረጋግጪ። በኑትራል ከታሰረ መብራቱ ጠፍቶም ኤሌክትሪኩ እዛው ነው፤ አምፖል የሚቀይር ሰው ይነዝረዋል። ኤልኢዲው ጠፍቶ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ አንዱ ምልክት እሱ ነው።

ባለሙያው እስኪመጣ የግቢውን መስመር ብቻውን ማጥፋት ከተቻለ አጥፍታችሁ አቆዩት። ልጆች የብረቱን በርና ምሰሶዎቹን እንዳይነኩ ንገሪያቸው፣ በተለይ መሬቱ እርጥብ እያለ። ሲቆፈር ምን እንደተገኘ ጻፊልን።