«አባቴ ቡና ማፍላት ጀመረ»

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች አንድ ዓመት ተኩል ሆናት። አባቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። እሷ እያለች ውኃ እንኳ ተነስቶ ቀድቶ አያውቅም። ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ቡና ሲቆላ አገኘሁት። አሁን በየቀኑ ያፈላል፤ ጎረቤት ጠርቶ ሲስቅ ሲጫወት ያመሻል። ደብተርም አለው፤ «ማክሰኞ፦ አረረ። ረቡዕ፦ ሳይሰክን ተቀዳ» እያለ ይጽፋል። አንድ ሲኒ ደግሞ «የእሷ ነው» ብሎ ረከቦቱ ጥግ ላይ ያስቀምጣል። አክስቴ «ቤቱን የጨሌ ቤት ሊያደርገው ነው» ትላለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ነካ አድርጎታል፣ ልውሰደው» ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ሳቁ ነው። ከሰልስት እስከ ሙት ዓመት ድግሱን ሁሉ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እሱ እንዲህ ቶሎ ረሳት? (ሐ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ሐ.፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። ደብተሩ ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ዕድሜ ልካቸውን ፈተና ሲያርሙ የኖሩ ሰው ቡናቸውንም ቢያርሙ አይገርምም።

አባትሽ አልረሱም። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ፣ በኔዘርላንድስ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል እንደሚመላለስ ጽፈዋል። አንዱ ለቅሶውና ናፍቆቱ ነው። ሌላው ሟች ይሠራው የነበረውን ሥራ መልመድ፣ ሰው መቅረብ፣ ከሐዘኑ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ማረፍ ነው። ሰው ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት ሊስቅ ይችላል። አባትሽ ሁለቱንም እዚያው ረከቦቱ ላይ ነው የያዙት።

ሲኒዋን በተመለከተ፣ አክስትሽ የሚያሳስባቸው የሃይማኖት ጉዳይ ከሆነ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። በእኔ ሙያ በኩል ግን ከሟች ጋር ያለን ትስስር በሆነ መልክ ይዞ መኖር በራሱ በሽታ አይደለም። «እሷ መጥታ ትጠጣዋለች» ብለው በር በሩን ቢያዩ ሌላ ነገር ነበር። በጻፍሽው ውስጥ ይህ የለም።

መቼ ልስጋ ካልሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የተራዘመ ሐዘን የሚባል አለ። ቢያንስ ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ ከአካባቢው ወግና ልማድ ያለፈ፣ የሰውን የዕለት ኑሮ የሚያቆም ብርቱ ሐዘን ነው። ምግብ ቢተዉ፣ እንቅልፍ ቢያጡ፣ ከሰው ቢሸሹ፣ መኖር አስጠላኝ ቢሉ ጊዜ አትስጪ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። አንድን ጥያቄ ደጋግመው ቢጠይቁ ወይም የሰፈራቸው መንገድ ቢጠፋባቸውም እንደዚያው። አሁን ግን እኔን የሚያሰጋኝ ከሰሉ ነው። ቤት ዘግተው እንዳያፈሉ ንገሪያቸው፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ድግስ። የእኛ ለቅሶ ደግ ነው፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም። የቤቱን ሴት ልጅ ግን ጓዳ ይከታታል። እንግዳው አልቅሶ በልቶ ሲሄድ አንቺ እንጀራ ስትቆጥሪ ነበር። «በርቺ፣ አባትሽን አጽናኚ» ያሉሽ ሰዎች ብዙ ይመስሉኛል። አንቺስ እንዴት ነሽ ያለሽ ሰው ነበር? እሳቸው ሐዘናቸውን አልቅሰው እየተመለሱ ነው፤ አንቺ ገና አልጀመርሽም። ሳቁ የሚያናድድሽ በዚህ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአባትሽ አጠገብ ቁጭ በይ። ጀበናውን ግን አትቀሚያቸው፤ ቢያሳርሩትም ያሳርሩት። «እስቲ ደብተሩን አሳየኝ» በይ። እናትሽ ቡናው ሲሸት እንዴት ታወጣው እንደነበር፣ ጤና አዳም ታስገባ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ንገሪያቸው። እንባሽ ቢመጣ እዚያው አልቅሺ፤ ወደ ጓዳ አትሩጪ። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ፤ ቡናውን እየጠጣ አይደል የሚስቀው?

ለወንድምሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። አባታችሁ ከእድራቸውና ከጎረቤታቸው ጋር እንደ ምንም አንድ ከሰዓት በኋላ ገንብተዋል። ልጁ ሥራ ሲውል ሰው በማያውቁበት አፓርታማ ብቻቸውን ቢቀመጡ ሁለተኛ ሐዘን ይሆንባቸዋል። ለማንኛውም መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቅ። ልሂድ ካሉ አንድ ወር ይዩት፤ ትኬቱ ግን ደርሶ መልስ ይሁን።