የኤሲ ጥያቄዎቻችሁ፦ የሚነድ ጋዝ መኪና ውስጥ ይሞላል ወይ?

ሰሞኑን የመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ኤሲ ነው፣ በተለይ ፕሮፔንና አይሶቡቴን ተቀላቅሎ "12ኤ" ምናምን እየተባለ ስለሚሸጠው ጋዝ። አምስቱን መርጫለሁ።

"የ91 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፣ ኤሲው የአር 12 (የድሮ መኪኖች የኤሲ ጋዝ) ነው። ጋራዥ ስወስደው አር 12 ጠፍቷል፣ ከማብሰያ ሲሊንደር እንሙላልህ፣ በደንብ ያቀዘቅዛል አሉኝ። እውነት ነው?" ከድሬዳዋ

ማቀዝቀዙን ያቀዘቅዛል፣ እዚህ ላይ አልዋሹህም። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ አይሶቡቴን ከዜሮ በታች 12 አካባቢ፣ በልኩ ሲቀላቀሉ ከአር 12 ጋር የሚቀራረብ ፕሬዠር ይሰጣሉ፣ ከድሮው ሚኒራል ዘይት ጋርም ይስማማሉ፣ ለዛ ነው መካኒኮቹ የሚወዱት። ግን "በልኩ" ነው ያልኩት። የማብሰያው ሲሊንደር ውስጥ ስንቱ ፕሮፔን ስንቱ ቡቴን እንደሆነ ለኤሲ ብሎ የለካው ሰው የለም፣ እርጥበት ሊኖረው ይችላል፣ እርጥበቱ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙ የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ) ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል፣ እንዲሸት የሚጨመርበት የሰልፈር ኬሚካልም አለ። ከሲሊንደር መሙላት የሚባለውን በቃ እርሳው።

እኔ ብሆን ወደ አር 134ኤ፣ አር 12ን ወደተካው የማይነድ ጋዝ፣ አስቀይረው ነበር። ሚኒራል ዘይቱ ይታጠባል፣ ምክንያቱም ከ134ኤ ጋር ስለማይዋሃድ በየቱቦው ቀርቶ ኮምፕረሰሩ ዘይት አጥቶ ግሪፕ ያደርጋል፣ በምትኩ ኤስተር ዘይት ይገባል፣ ድራየሩ (እርጥበት የሚመጠው) እና ኦሪንጎቹ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹ) ይቀየራሉ፣ ቫኪዩም ይደረግና (ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ይሳብና) ከድሮው ልክ ከ80 እስከ 85 ፐርሰንት ብቻ ይሞላል። በድሬ ሙቀት ቆመህ ስትጠብቅ ቅዝቃዜው ትንሽ ይቀንስብሃል፣ ያንን ቻለው።

"የቤቴ ፍሪጅ ላይ አር 600ኤ ተጽፏል፣ እሱም የሚነድ ነው፣ ማንም አይፈራውም። መኪና ላይ ሲሆን ምን መጣ?" ከሐዋሳ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አር 600ኤ ራሱ አይሶቡቴን ነው። ግን ፍሪጁ ውስጥ ኮምፕረሰሩ ከነሞተሩ በብረት ታሽጎ ቱቦው ተበይዷል፣ የሚገባውም ጋዝ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም ያንሳል። የመኪናው ኮምፕረሰር ደግሞ በቺንጋ የሚዞር ነው፣ ዘንጉ የሚወጣበት ሲል አለ፣ የጎማ ቱቦ አለ፣ ኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው) ፊት ለፊት ስለተቀመጠ ግጭት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው፣ ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው) ደግሞ ዳሽቦርዱ ስር፣ እናንተ የምትተነፍሱት አየር መንገድ ላይ ነው ያለው። እስቲ አስሉት፣ የትንሽ መኪና ውስጡ ወደ 3 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ፕሮፔን አየር ውስጥ 2 ፐርሰንት አካባቢ ሲደርስ መንደድ ይችላል፣ ይሄ ከ110 እስከ 120 ግራም ቢሆን ነው፣ መኪናው ውስጥ የሚሞላው ግን 200 ግራም ይደርሳል። ከአየር ስለሚከብድ እግር ስር ይተኛል፣ ከዛ አንዱ ክብሪት ይጭራል ወይ ሪሌው ብልጭ ይላል። አብዛኛው ሊክ ቀስ ብሎና ከውጭ በኩል ስለሆነ ይሄ በየቀኑ አይከሰትም፣ አውስትራሊያ ውስጥ ስንት መኪና ለዓመታት በዚህ ጋዝ ነድቷል፣ ለአየር ንብረትም ቢሆን ከ134ኤ በጣም ይሻላል። እኔ የሚያስፈራኝ ሲስተሙ ሳይፈተሽ፣ ሊኩ ሳይዘጋ ዝም ብሎ እየተሞላ መሄዱ ነው።

"ኦንላይን የ12ኤ ቆርቆሮ በርካሽ አየሁ፣ ለ92 ካምሪዬ ልግዛ?" ከሲልቨር ስፕሪንግ

አይግዙ። መሸጡ መፈቀዱን አያሳይም። አሜሪካ ውስጥ አር 12 በነበረበት መኪና ላይ የሚነድ ጋዝ መተካት ኢፒኤ (የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) የከለከለው ነገር ነው፣ "መጀመሪያ 134ኤ ሞልቼ ከዛ ልቀይር" የሚሉትም ብልጠት ያው ሕግ መጣስ ነው፣ አንዳንድ ስቴት ደግሞ የሚነድ ጋዝ በየትኛውም መኪና ኤሲ ውስጥ አይፈቅድም። አር 12 እዛ መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ነው፣ የቀረውን ለመግዛት 609 የሚባለውን የመኪና ኤሲ ሠራተኛ ሰርተፊኬት ይጠይቃል፣ ፈተናው ኦንላይን ይወሰዳል፣ ከባድም አይደለም።

"አዲስ ቫኪዩም ፓምፕ ገዛሁ፣ ጌጁ 22 (ኢንች ሜርኩሪ) ላይ ይቆማል፣ ማኑዋሉ 29 ይላል። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው?" ከአዲስ አበባ

ኧረ ሰውየውን አትጣላው! ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፣ 29 የሚባለው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቢበዛ 22 ተኩል አካባቢ ነው የምታየው። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ 29 ካሳየህ ጌጁ ነው የተበላሸው። ግማሽ ሰዓት ሳበው፣ ቫልቩን ዝጋና 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ ቀስቱ ከተመለሰ ሊክ አለ ማለት ነው፣ ያኔ 134ኤም ይሁን የሚነደው ጋዝ ምንም አትሙላ። ሊኩን ናይትሮጅን አስገብተህ በሳሙና አረፋ ፈልግ፣ በእሳት የሚፈልግ መካኒክ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ኮንደንሰር ከመበየዱ በፊትም ውስጡ ያለው ምን ጋዝ እንደሆነ ለበያጁ ንገረው፣ የሚነድ ከሆነ ኮፈኑ ስር በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ነገ የሚከፍተው ሰው አንተ ላትሆን ትችላለህ።

"ስነዳ ይቀዘቅዛል፣ ስቆም ሙቅ ይነፋል። 12ኤ ሙላበት አሉኝ።" ከሪያድ

ጋዙን ተወው፣ መጀመሪያ የኮንደንሰሩን ቬንትሌተር እይ። የማይዞር ከሆነ ፊውዙንና ሪሌውን ፈትሽ፣ የሚዞር ከሆነ ኮንደንሰሩና ራዲያተሩ መሃል የገባውን አሸዋ በቀስታ ውሃ አስወጣው።