በረዶ፣ ጉምና ከሰል፦ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች የክረምት ጥያቄዎች

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ የቤት ወራት ናቸው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሳያወልቅ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ግን ጃኬቱን ያወልቃል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለና። ስለዚህ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው የማይሠራበት ቦታ ላይ ለይተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ማታ ቡና ከተፈላ በኋላ የከሰሉን ምድጃ አመድ አልብሰን መኝታ ክፍል እናስገባዋለን፤ ጭስ የለውም። ሰሞኑን ግን እኔም ልጆቼም ራሳችንን እያመመን እንነሣለን። ጉንፋን ይሆን? (እናት፣ ከሆጤ)

መልስ፦ ከሰሉን ይጠርጥሩ፤ ዛሬ ማታ ጀምሮም ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ጉንፋን ቤተሰብን በተራ ነው የሚዞረው፤ ንፍጥና ሳልም ይዞ ይመጣል። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ራሱን ታሞ፣ እያቅለሸለሸው፣ ጉልበቱ ከድቶት ከተነሣና ደጅ ወጥቶ ትንሽ ሲቆይ ከቀለለው፣ ምልክቱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይንም አያቃጥልም። ስለዚህ ጭስ አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጭሱን ጨርሶ የቀላ ፍምም በብዛት ያወጣዋል። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ያጣል። አመድ ማልበሱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ፍሙ በቂ አየር ስለማያገኝ በደንብ አይነድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ጋዙን ሲለቅ ያድራል። እሳት መዳፈን ለነገ ፍም ማሳደሪያ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቦታው ግን ሰው የማይተኛበት ማድቤት ነው።

በሳህን ውሃ ማስቀመጥ፣ ሎሚ ወይም ሽንኩርት መቁረጥ ያድናል የሚሉ አሉ። አያድንም። ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው፤ ሽንኩርቱም ሽታ ከመጨመር ያለፈ ሥራ የለውም።

ለቡና ሲሆን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ቀልቶ ሲያልቅ ያስገቡት። በሩን አንድ ስንዝር፣ ከበሩ ትይዩ ያለውን መስኮትም እንዲሁ አንድ ስንዝር ይክፈቱ። ጋዙ ከአየር ጋር የተቀራረበ ክብደት ስላለው መሬት ላይ አይተኛም፤ በበር ስር ያለች ቀዳዳ ብቻዋን አታስወጣውም፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ምድጃውን ያውጡ፤ በሩን ለሩብ ሰዓት ክፍት ትተው ከዚያ ይዝጉ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ግድግዳውና አልጋው የያዙት ሙቀት ግን ቶሎ አይጠፋም።

ለአልጋ የሚሻለው የሙቅ ውሃ ላስቲክ ነው። ፈልቶ ለ5 ደቂቃ የቆየ ውሃ ሁለት ሦስተኛውን ሞልተው፣ አየሩን ጨምቀው አስወጥተው ይክደኑት፤ በፎጣ ጠቅልለው ከመኝታ 20 ደቂቃ በፊት ብርድ ልብስ ውስጥ ይጨምሩት። ለሕፃን ከሆነ፣ ሕፃኑ ሲተኛ ይውጣ። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ለዚህ አይሆንም፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ይኮማተርና ክዳኑ ያፈሳል።

ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠመ መጀመሪያ በሩን ወለል አድርጋችሁ ወደ ደጅ አውጡት፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ውሃም ወተትም አታጠጡት። ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ሄዶ ኦክስጅን ማግኘት አለበት፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለጽንሱ አደጋው የባሰ ነው። ለሐኪሙ «ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩት። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው፣ ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ሊያሳስት ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ እያለሁ ሊጤ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ደሴ ከገባሁ ወዲህ ክረምት ላይ በአራተኛውም ቀን እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል። ጤፉ ነው? (ከሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ኮምቦልቻ ሳሉ በዚያው ዓይነት ጤፍ ይጋግሩ ከነበረ፣ ጤፉን አይውቀሱ፤ ብርዱ ነው። ሊጥ የሚያቦኩት ጥቃቅን ሕይወታውያን 25 እና 30 ዲግሪ መካከል ሲሆኑ ነው የሚፈጥኑት፤ በክረምት ሌሊት የደሴ ማድቤት ከዚያ በብዙ ይወርዳል።

ለ3 ኪሎ ዱቄት ኮምቦልቻ ላይ ግማሽ ሊትር እርሾ የሚበቃ ከሆነ፣ እዚህ ሦስት ሩብ ሊትር ያድርጉት። ማቡኪያው ውሃ ለብ ያለ ይሁን፤ አንድ እጅ የፈላ ውሃ በሦስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሲቀላቀል ልኩን ያገኛል። ደሴ ላይ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ልኬቱን ትንሽ ማስተካከል አለበት። ከዱቄቱ ጋር ሲገናኝ ሊጡ ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ያንን ሙቀት መጠበቅ ነው። ባልዲውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ ወለሉ ሙቀቱን ይመጠዋል። ሳንቃ ወይም የታጠፈ ጆንያ ከስር አድርገው በጋቢ ይጠቅልሉት። ክዳኑ ላላ ይበል፤ ሊጡ ጋዝ ያወጣል፤ የታፈነ ባልዲ ሌሊት ክዳኑን አስፈንጥሮ ወለሉን ያጥባል። የተጋገረበት ምጣድ አጠገብ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቢያድር ጥሩ ነው፤ ምጣዱ ላይ ግን አይቀመጥ፤ ከስር በስሎ ይጓጉላል።

ቀኑን አይቁጠሩ፣ ሊጡን ይዩት። አረፋው ሲረግብ፣ ከላይ ውሃ ሲያቀር፣ ሽታው ሲኮመጥጥ ደርሷል። ውሃውን ደፍተው ከሊጡ ግማሽ ሊትር ይቀንሱና 1.5 ሊትር በሚፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ አብሲት ይጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ላይ አብሲቱ በደንብ በርዶ ነው የሚመለሰው። ደሴ ላይ ሙሉ በሙሉ ከበረደ ሊጡን መልሶ ያስተኛዋል፤ ከጋለ ደግሞ እርሾውን ይገድለዋል። ጣትዎን ነክረው ሳይጨንቅዎት እስከ አሥር መቁጠር ከቻሉ ልኩ ነው። ከተመለሰ በኋላ ኩፍ እስኪል በክረምት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይጠብቁት።

ሊጡ ኩፍ ብሎም እንጀራው መሐሉ ላይ ብቻ ዓይን አውጥቶ ዳሩ ድፍን ከሆነ፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። ማታ የሁሉም ቤት ምድጃ ሲለኮስ የመብራቱ ኃይል ይደክማል፤ በማለዳ ይጋግሩ። ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩ አሉ። ዓይን ያወጣል፤ ጣዕም ግን የለውም፣ በማግስቱም ይደርቃል። አንመክረውም።

ጥያቄ፦ በረዶ በጣለ ቁጥር ቤታችን ያፈሳል፤ ተራ ዝናብ ሲሆን ግን ጠብ አይልም። ቆርቆሮው ተበስቶ ነው? (ከሮቢት)

መልስ፦ የተበሳ ቆርቆሮ ዝናብና በረዶ አይመርጥም። ውሃው የሚወርደው በግድግዳው ዳር ከሆነ፣ የእርስዎ ችግር አሸንዳው ነው። በረዶው ከጣሪያው ተንሸራትቶ አሸንዳውን ይሞላዋል፣ መውረጃውን ይደፍነዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ መሄጃ ሲያጣ በቆርቆሮው ጫፍ ስር ወደ ኋላ ይመለስና በግድግዳው አናት ይገባል። መሐል ኮርኒስ ላይ ክብ እድፍ የሚሠራው ግን የሚስማር ቀዳዳ ነው።

ለአሸንዳው፦ ቅጠልና አፈሩን ይጥረጉ። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ በገመድ ዘርግተው ይለኩት። መውረጃ ቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከ5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በረዶ አያልፍም። ለሚስማሩ፦ ላስቲክ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር በጉብታው ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይመታም። የላላውን ነቅለው ትንሽ ወፈር ባለ ይተኩ፤ ሞራሌው በስብሶ ከሆነ ግን ምንም ሚስማር አይዝም፣ እንጨቱ ይቀየር። ሬንጅ መቀባት ለአንድ ክረምት ማስታገሻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ጣሪያው ደርቆ፣ ነጎድጓድ ሳይኖር ነው።

በረንዳ ላይ ሸራ የወጠራችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ በካሬ ሜትር ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሸራው ዘንበል ብሎ ካልተወጠረ ቋሚውን ይዞ ይወድቃል።

ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ነገር እንጨምር፦ የአሸንዳው ውሃ የት ነው የሚሄደው? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ቤቱ 7 በ8 ቢሆን፣ 40 ሚሊ ሜትር ዶፍ 2,240 ሊትር፣ ከ11 በርሜል በላይ ያወርዳል። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ይህን ሁሉ ውሃ ከቤቱ ጥግ ወይም ከታች ወዳለው ጎረቤት ግቢ መልቀቅ ቦረቦር መክፈት ነው። በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ እስከ መንገዱ ዲች ድረስ ይምሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ትኖራለች፤ ዘንድሮ የመጀመሪያ ክረምቷ ነው። በረዶው በር ይዘጋል አሉ። ምን ልበላት? (አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አብሽሩ፤ እዚያ ያለው ቤት ለብርዱ ተብሎ የተሠራ ነው። ሦስት ነገር ይንገሯት። አንደኛ፣ መኪና ሳታስነሣ የጭስ መውጫውን ከበረዶ ትጥረግ፤ ከተደፈነ ከላይ ለሆጤዋ እናት የጻፍነው ጋዝ መኪናው ውስጥ ይገባል። ጋራዥ ውስጥም ሞተር አታሙቅ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። የቤቱ ማሞቂያ ጭስ በግድግዳ በኩል ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ ቀዳዳ በበረዶ እንዳይቀበር ትየው። ሚኒያፖሊስ ባለችበት በሚኒሶታ ግዛት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከመኝታ ክፍል በ3 ሜትር ውስጥ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል፤ ባትሪው መሥራቱን ትፈትሽ። ሁለተኛ፣ በረዶውን በአካፋ ትግፋው እንጂ አታንሳው፤ ሳይጠነክር ቶሎ ቶሎ ይሻላል። ጨው የሚያቀልጠው ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ነው፤ ከዚያ ሲብስ አሸዋ መበተን እንዳትንሸራተት ይረዳታል።

ሦስተኛው ልብስ ነው። ጋቢ ይልኩላት ይሆናል፤ ይላኩ፣ ቤት ውስጥ የሚተካው የለም። ደጅ ስትወጣ ግን ከሥጋዋ ጋር የሚነካካው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ በላብ ሲርስ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ሱፍ ከስር፣ ነፋስ የማያስገባ ከላይ። ጫማዋ ወፍራም ካልሲ ተለብሶም ጣት የሚያንቀሳቅስ ይሁን፤ የጠበበ ጫማ ደም ይከለክላል፣ እግርም ቶሎ ይደነዝዛል።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶ፣ መብራትም ጠፍቶ ቤት ሲውሉ ያስቸግራሉ። ገበጣ ላስተምራቸው ብል መጫወቻው የለኝም። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የ30 እንቁላል ካርቶን 5 በ6 ነው። ሁለት ረድፍ ቆርጠው ሲያወጡ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያገኛሉ፤ በየጉድጓዱ አራት አራት፣ በጠቅላላው 48 ሽምብራ ይጨምሩ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካለ ሽምብራውን ከእጁ ያርቁ፤ ሽምብራ ያንቃል።

ጥያቄ፦ ቁምሳጥን ጀርባ ግድግዳው ይሻግታል። መስኮት ክፈቱ ይሉናል፤ ደጁ ጉም ሆኖ ሳለ ብንከፍት እርጥበት አይጨመርም? (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር)

መልስ፦ አይጨመርም። ብርድ አየር በጉም ቢጠግብም የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው። 12 ዲግሪ ላይ የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 11 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እስከ 17 ግራም መሸከም ስለሚችል ከግድግዳውና ከልብሱ እርጥበት ይስባል። ጠዋትና ማታ ለ10 ደቂቃ በርና መስኮት ትይዩ ይከፈት፤ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ መዋሉ ግን ግድግዳውን ከማቀዝቀዝ በቀር ጥቅም የለውም። ቁምሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያርቁ፤ እርጥብ ልብስም ከተቻለ በረንዳ ላይ ይሰጣ። አንድ ባልዲ ልብስ ሲደርቅ ከሊትር የሚያልፍ ውሃ ወደ ክፍሉ ይለቃል።

ሻጋታው ሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው፣ ጓንት አድርገው፣ መስኮት ከፍተው ያጽዱ። በረኪና ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ጭቃ ግድግዳ ከሆነ አይታጠብም፤ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በደረቅ ብሩሽ መፈቅፈቅ፣ ከዚያም ኖራ መቀባት ነው። በሲሚንቶ ልለስነው ብለው እንዳያስቡ፤ ሲሚንቶው ጭቃው የሳበውን ውሃ አፍኖ ይይዘውና በሁለት በሦስት ክረምት ልስኑ እንዳለ ይላቀቃል።