ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ኮሚክ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አለሽ? የሐይቃችንን ተረት በኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል፣ እየሠራሁት ነው። ነፍሰ ጡሯ በልዕልቷ ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ተረፈ የሚባለውን። 28 ሥዕል ጨርሻለሁ። የሚነበበው ስልክ ላይ ነው። ውሃው ከታች ስለሚሞላ አንባቢውም ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ቢወጣስ? ድምፅም ልጨምርበት ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ አንባቢው የሚመርጠው ሁለት መንገድ። ጓደኞቼ "አታካብድ" አሉኝ። (ሠዓሊው፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ወሎ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህን ግማሽ ስማቸው። ወደ ላይ መውጣቱን እንዳትተወው። አንባቢው ከውሃው እየሸሸ ያነባል፤ ጣቱና ታሪኩ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ድምፁንና ሁለቱን መንገድ ግን ተዋቸው። ልዕልቷ የምታመልጥበት መንገድ ካለማ ምኑን የሐይቅ ተረት ሆነ?

እኔም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በኮሚክ ሠርቼ ነበር። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እየተጎተተ የሚወረድ። ኮምፒውተሬ ላይ አቤት ሲያምር! ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት፤ ቡና እየቆላች ነበር። ከስክሪኑ ጠርዝ ስትስበው ብራውዘሩ ወደ ቀደመው ገጽ ይመልሳታል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ "አንች ልጅ፣ ስልክሽ ተበላሽቷል" ብላ መለሰችልኝ።

አሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ2000 ስክሪንን እንደ ገጽ ሳይሆን እንደ መስኮት እንየው፣ ከጀርባው ያለው ሸራ ወሰን የለውም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን እያቀረቡ (ዙም እያደረጉ) የሚነበብም፣ በማውስ እየተጎተተ የሚታሰስም መጣ። ብዙ ሰው የለመደው ግን ወደ ታች ብቻ የሚወርደውን የኮሪያን የስልክ ኮሚክ፣ ዌብቱንን ነው። አልፈርድበትም። ባጃጅ ውስጥ አንዱ እጅህ ብረት ይዟል፤ የቀረህ አንድ አውራ ጣት ነው። ያንተም በአንድ አውራ ጣት ስለሚነበብ ነው የወደድኩት።

አሁን ወደ ችግሩ። ወደ ላይ ለመውጣት ጣት ወደ ታች ይጎትታል አይደል? አንባቢው የመጨረሻዋ ሥዕል ላይ ደርሶ አንዴ ደግሞ ከጎተተ ብዙ ስልክ ገጹን ሪፍሬሽ ያደርገዋል፤ እንደ አዲስ ይከፍተዋል። ሴትዮዋ ተርፋ፣ አንባቢው ተመልሶ ውሃ ውስጥ! የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ (ሲኤስኤስ) ላይ ኦቨርስክሮል ቢሄቪየር የሚባለውን ኮንቴይን በለው (overscroll-behavior: contain)፤ ይቆማል።

ሌላው፣ የእያንዳንዷን ሥዕል ወርድና ቁመት አስቀድመህ ጻፍ። ያለዚያ ከላይ ያለችው ዘግይታ ስትከፈት የሚነበበው ከዓይን ሥር ሸርተት ይላል። ሥዕሎቹም ሲደረስባቸው ብቻ ይከፈቱ፤ መጨረሻውን ቀድሞ እያወረደ የሰው ዳታ እንዳይበላ።

"ወደ ላይ ይሂዱ" የሚል ጽሑፍ አታስገባ። የመጀመሪያዋ ሥዕል አናት ላይ የሁለተኛዋ ጫፍ ተቆርጦ ይታይ፤ የውሃ ጠብታም ቢሆን። ደግሞ አንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ሰው አይነጋገር። ዓይናችን ጽሑፍን ከላይ ወደ ታች ነው የለመደው፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን የሣሉት ሠዓሊዎቻችንም በዚያው ነው የሄዱት። ጣቱ ሽቅብ፣ ንግግሩ ቁልቁል ከሆነ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይነበባል።

ስትጨርስ ሊንኩን ላክልኝ። አክስቴ ጋ እወስደዋለሁ።